አማቴ በጥራቮሎ የዘረጉት ጥላ

ዛፉን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል፤ በጊዜው አፌን ይዤ ዝም በማለቴ ብዙ ተቸግሬያለሁና።

ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር ከተቀላቀለች ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ ደሴ ተወልጄ ያደግኩ፣ አስመራ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የንድፍ ሠራተኛ ሆኜ የተቀጠርኩ ሰው ነበርኩ። የመንገድና የድልድይ፣ አንዳንዴም የጤና ጣቢያ ንድፍ አነሳ ነበር። ባለቤቴ የአስመራ ልጅ ናት፤ አንደኛ ደረጃ ታስተምር ነበር። አማርኛን የተማረችው በትምህርት ቤት ስለሆነ ሰዋስው ላይ ከእኔ ይልቅ ጠንቃቃ ናት። "ሐ"ን ግን ከጉሮሮዋ ሥር እየጎተተች ነበር የምትጠራት። "ሐሳብ አለኝ" ስትል ሐሳቡ እውነትም ከሩቅ አገር የመጣ ይመስል ነበር።

ጥራቮሎ በሚባለው የአስመራ ሰፈር የተከራየናት ቤት ሦስት ክፍል ነበራት። ግድግዳዋ ድንጋይ፣ ጣራዋ ቆርቆሮ፣ ፊቷ ወደ ምዕራብ። ሁለቱ ትልልቅ መስኮቶች፣ የሳሎኑም የመኝታ ቤቱም፣ የሚያዩት ወደ ግቢው ነበር፤ ግቢው መሃል ደግሞ አንድ ትልቅ የቁንዶ በርበሬ ዛፍ ቆሞ ነበር። ቅርንጫፎቹ እንደ ፀጉር ወደ ታች ተንዠርግገው መስኮቶቹን ይጋርዳሉ። ቅጠሉ አሸንዳውን ይደፍናል፣ ማታ ማታ ተጨማሪ ሥራ የምሠራበትን የንድፍ ጠረጴዛዬንም ገና በአሥር ሰዓት ያጨልምብኛል። ኅዳር ላይ መጋዝ ተዋስኩና ቅዳሜና እሑድን ሙሉ ስታገለው ውዬ ጣልኩት።

እውነቱን ለመናገር፣ የዚያን ሰሞን ደስ ብሎን ነበር። አስመራ በኅዳርና በታኅሣሥ ትበርዳለች። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ሳትጠራ ዘው ብላ ትገባና አልጋችን ድረስ ትመጣለች። ባለቤቴ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የተማሪዎቿን ደብተር ታርማለች። "አየሽ? ብርሃን ማለት ይህ ነው" እያልኩ እኩራራባት ነበር።

መጋቢት ሲገባ ኩራቴ ቀለጠ። ልክ እንደ ሻማው። መብራት ሲጠፋ ብለን የመኝታ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ያቆምነው ሻማ ነበር፤ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ እንደ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ አገኘሁት። ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት የአልጋው ብረት እጅ አያስነካም። በላይ ቆርቆሮው ይንጣጣል። ባለቤቴ ደግሞ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች፤ እግሯ አብጦ ጫማ አልገባም ብሏታል። ከሰዓት በኋላ ጋደም በይ የተባለች ሴት መጋደሚያ አጣች። እኔን ግን አንድም ቀን "ዛፉን ባትቆርጠው" ብላኝ አታውቅም። ባትለኝም ጉቶውን በመስኮት ስታየው አያታለሁ፤ ከስድብ የባሰው እሱ ነበር።

እንዲህ ባለንበት ሰሞን አባቷ ከምጽዋ በሊቶሪና፣ በሐዲድ ላይ በምትሮጠው ባለ ሞተር ፉርጎ፣ መጡ።

በወጉ የሚስት እናት ነበረች ለወሊድ የምትመጣው። ባለቤቴ ግን እናቷ በልጅነቷ ስለሞቱባት አባቷ "እኔ እመጣለሁ" ብለው ራሳቸው መጡ። አጠር ያሉ፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ጢማቸው ነጭ ሰው ነበሩ። ምጽዋ ወደብ ላይ ሳንቡክ የሚባሉትን የእንጨት ጀልባዎች ሲሠሩና ሲጠግኑ ዕድሜያቸውን የፈጁ አናጺ ናቸው። በአንድ እጃቸው የልብስ ሻንጣ፣ በሌላው መጋዝና መርቴሎ የሚሉትን መዶሻ የያዘ ጆንያ አንጠልጥለው፣ ጆሯቸው ላይ የአናጺ እርሳስ ሰክተው ከፉርጎው ሲወርዱ አየኋቸው። ሰላምታችን ቀዝቃዛ ነበር። ሠርጋችን ላይ "ሥራ በዝቶብኛል" ብለው አልተገኙም፤ እኔም ቂም ይዣለሁ። እሳቸውም የያዙብኝ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። አስመራ አራት ዓመት ተቀምጬ ከ"ከመይ ቀኒኹም" ሰላምታ ያለፈ ትግርኛ አልነበረኝም። መሥሪያ ቤቱ በአማርኛ ነው፣ ቤቴ በአማርኛ ነው፣ ሻሂ ቤቱም ለእኔ ሲሉ በአማርኛ ይመልሱልኛል። አልቸገረኝም ነበር፤ ስለዚህ አልተማርኩም። ዛሬ ሳስበው አፍርበታለሁ።

እና ባለቤቴ አስተርጓሚያችን ሆነች።

አማቴ ገና በሩን አልፈው መኝታ ቤቱን እንዳዩ አንድ ነገር ተናገሩ።

"ምን አሉ?" አልኳት።

"ቤታችሁ ብርሃን የሞላበት ነው አለ።"

ቆይቶ እንደተረዳሁት፣ ያሉት "ይህ ቤት ነው ወይስ የዳቦ ምድጃ?" ነበር። እኔም ግንባራቸውን በመሐረብ ሲጠርጉ አይቼ በአማርኛ፣ "ከምጽዋ የመጣ ሰው አስመራ ሞቀኝ ሲል ይገርማል" አልኩ። ባለቤቴ ወደ አባቷ ዞር ብላ በፈገግታ ተረጎመችላቸው፤ "እንኳን በደህና መጡ፣ ቤቱ የእርስዎ ነው" አለቻቸው። አማቴ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

ጉቶውን ግን አይተውታል። ባለቤቴን ጠየቋት፣ እሷም ወደ እኔ ዞረች።

"ዛፉ ምን ሆኖ ነው የተቆረጠው ይላል።"

"እኛ ስንገባ ተቆርጦ ነው ያገኘነው ብለሽ ንገሪያቸው" አልኩ። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም። ባለቤቴ ለአፍታ አየችኝና ተረጎመች። አማቴ ጉቶው አጠገብ ቁጢጥ አሉ፣ በአውራ ጣታቸው ነካ አደረጉት፣ ጣታቸውን አሸተቱና ተነሡ።

ችግሩን እኔው ልፈታው ተነሣሁ። ንድፍ ሠራተኛ ነኝ፤ በሦስት ወረቀት ላይ ከፊት፣ ከጎን፣ ከላይ አድርጌ የመስኮት ግርዶሽ ነደፍኩ። ቆርቆሮ ገዝቼ፣ ብረት አስበጅቼ፣ ከሁለቱ መስኮቶች በላይ አጋድሜ ሰቀልኩት። እሑድ ስድስት ሰዓት ላይ ግርዶሹ መስኮቶቹን በጥላ ሸፈናቸው። ግቢው መሃል ቆሜ ወገቤን ይዤ ተመለከትኩት። አማቴ ወንበር አውጥተው ከጎኔ ተቀመጡ። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ከዚያ ወንበር አልተነሡም። አሥር ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ዝቅ አለች፣ በግርዶሼ ሥር ሾልካ ገባችና እንደ ልማዷ አልጋችን ላይ ተኛች። እንዲያውም ግርዶሹ ራሱ ግሎ በመስኮቱ በኩል ሙቀት ይተነፍስብን ጀመር።

አማቴ አንድ አረፍተ ነገር ተናግረው ተነሡ።

"ሥራህ ንጹሕ ነው አለ" አለችኝ ባለቤቴ።

ያሉት ይህ ነበር፤ "ይህ ልጅ ፀሐይ እንደ ዝናብ ከላይ ብቻ የምትመጣ መሰለችው እንዴ?"

በማግስቱ ወፍራም መጋረጃ ገዝቼ መጣሁ። እሱም አልረዳም። ክፍሉ ጨለመ እንጂ አልቀዘቀዘም፤ ጨለማ ውስጥ መጋገር ሆነ።

ሐሙስ ዕለት ከሥራ ስመለስ ቤቴን አላውቀው አልኩ። ወለሉ፣ ግድግዳው፣ የአልጋው ራስጌ፣ የንድፍ ጠረጴዛዬ ሳይቀር በነጭ ጠመኔ ተሰነታትሯል። አማቴ ከሰባት ሰዓት ጀምረው ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ የምታርፍበትን ቦታ በየግማሽ ሰዓቱ ሲያሰምሩ ውለዋል። ጠመኔው ከባለቤቴ የትምህርት ቤት ቦርሳ የወጣ ነው።

"ይህ ሰውዬ ቤቴን የሰኞ ማክሰኞ መጫወቻ አደረገው!" ብዬ ጮህኩ።

"በጣም ተደንቋል" ብላ ተረጎመችላቸው ባለቤቴ።

አማቴ እንደገና ጢማቸውን ዳበሱ። ከጢሙ ሥር ሳቅ እንደነበረ ያኔ አልጠረጠርኩም።

በማግስቱ ዓርብ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም። ወደ ቤት ስገባ መኝታ ቤቱ ባዶ ነው። ወደ ጓሮ ስሮጥ፣ ባለቤቴ በምሥራቅ በኩል፣ የቤቱ ጥላ ባረፈበት በልብስ ማጠቢያው ሲሚንቶ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ፊቷ ነጭ ሆኗል። አባቷ በጣሳ ውሃ እየቀዱ እግሯ ላይ ያፈሳሉ።

"አዞረኝ" አለችኝ። "አሁን ደህና ነኝ። ሙቀቱ ነው።"

አጠገቧ ተንበርክኬ እጇን ያዝኩ። አማቴ ቀና ብለው አዩኝ። በዚያ አስተያየት ውስጥ ቁጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር፤ የነበረው ፍርሃት ነው። ሚስታቸውን በወሊድ እንዳጡ ባለቤቴ ነግራኛለች። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፣ ይህ ሰው ከምጽዋ ድረስ መጋዝ ተሸክሞ የመጣው ለምን እንደሆነ።

ቅዳሜ ጠዋት አማቴ ባርኔጣቸውን አድርገው በር ላይ ቆሙ። ወደ እኔ ጠቆሙና፣ ቀጥሎ ወደ መንገዱ።

"መደበር" አሉ፤ የአስመራ የአሮጌ ብረት ገበያ ነው።

ባለቤቴ መሄድ ስለማትችል ሁለታችን ብቻ ያለ አስተርጓሚ ወጣን። መንገዱን ሁሉ አንድም ቃል አልተነጋገርንም። መደበር ከመድረስህ በፊት ድምፁ ይቀበልሃል፤ በርሜል የሚጠፈጥፈው፣ ብረት የሚያቀናው፣ ቆርቆሮ የሚቆርጠው ሁሉ በአንድ ላይ ይደበድባል። አማቴ በዚያ ጫጫታ ውስጥ ሲገቡ ዓሣ ውሃ ሲያገኝ የሚሆነውን ሆኑ። የተጣለ ሁሉ ያምራቸዋል። አሮጌ የውሃ ቧንቧ አንሥተው በጣታቸው ያንኳኳሉ፣ ጆሯቸውን ይሰጣሉ፣ ይጥላሉ፣ ሌላ ያነሣሉ። በመጨረሻ አራት ረጃጅም ቧንቧዎችና ከአሮጌ መኪና የወጡ ትንንሽ መዘውሮች መረጡ። አንድ ጠና ያለ ብረት ሠራተኛ ቧንቧዎቹን ባሉት ልክ ቆርጦ ራስ ራሳቸውን በየዳላቸው።

ሰውየው ደክሞ ነበርና ላመሰግነው ፈለግኩ። በራሴ ትግርኛ! ቃላቱን በልቤ አዘጋጅቼ ስጨርስ ጠጋ አልኩትና እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣

"የቐንየለይ፣ ከልቤ!" አልኩት።

የሰውየው መዶሻ አየር ላይ ቀረ። ዓይኑ ፈጠጠ። በዙሪያችን ያለው ድብደባ ሁሉ ያቆመ መሰለኝ። አማቴን ዞር ብዬ ሳያቸው ሆዳቸውን ይዘው በርሜል ላይ ተቀምጠዋል፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፣ እንባቸው በጢማቸው ላይ ይወርዳል። ትንፋሽ ሲያገኙ ለሰውየው በትግርኛ የሆነ ነገር አስረዱት፣ እሱም መዶሻውን ጥሎ ሳቀ። ከዚያ አማቴ ወደ እኔ ዞሩ።

"ከልቢ በትግርኛ ውሻ ነው" አሉኝ። "ሰውየውን 'አመሰግናለሁ፣ ውሻ' ነው ያልከው።"

ይህን የተናገሩት በአማርኛ ነው። ትንሽ እንደ ባሕር ውሃ ጨው ጨው የሚል፣ ግን ሙሉ አማርኛ።

"አማርኛ... ያውቃሉ?"

"ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል መርከበኞችን ጀልባ የምጠግነው እኔ አይደለሁም? ሲዘገይባቸው በምን ቋንቋ የሚሰድቡኝ ይመስልሃል?"

እኔም ሌላ በርሜል ላይ ተቀመጥኩ። ከመጡ ጀምሮ ያልኩት ሁሉ በዓይኔ ላይ ሄደ። ስለ ምጽዋ ሰው ያልኩት፣ ስለ ሰኞ ማክሰኞ ያልኩት።

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"ጓለይ፣ ልጄ፣ ስትተረጉም ደስ ትለኛለች" አሉ። "አንተ ክፉ ትናገራለህ፣ እኔም ክፉ እናገራለሁ፤ በእሷ አፍ ሲያልፍ ሁለታችንም ጨዋ እንሆናለን። ምን ብዬ ላስቆማት?"

ከዚያ እሳቸው ያሉትን ሁሉ አንድ በአንድ ነገሩኝ፤ የዳቦ ምድጃውን፣ የዝናቡን። መጀመሪያ ጆሮዬ ጋለ፤ ቀጥሎ ሳቄ መጣ። ሳቁ ሲያበቃ የያዝኩትን ከዚያ በላይ መሸከም አቃተኝ።

"ዛፉን የቆረጥኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

"እወ" አሉ። "የመጣሁ ቀን አውቄያለሁ። ጉቶው ገና ሙጫ ያለቅሳል። የመጋዙ አካሄድ ደግሞ የአናጺ አይደለም፤ የጸሐፊ ነው።"

"ለምን አልተናገሩኝም ታዲያ?"

"አንተ እስክትናገር ስጠብቅ ነበር።" ባርኔጣቸውን አውልቀው አራገፉት። "እኔም ያልተናገርኩት አለ። ሠርጋችሁ ላይ የቀረሁት ሥራ በዝቶ አይደለም። ተቆጥቼ ነው። ቋንቋችንን ለመማር ያልደከመ ሰው ልጄን ምን ያህል ያውቃታል ብዬ ነው። አሁን ግን በገዛ ጆሮዬ ሰማሁህ፤ ሞክረሃል።" እንደገና ሳቅ ያዛቸው። "ውሻ ብትልም ሞክረሃል። ይቅርታ አድርግልኝ፣ ወደይ።"

ወደይ፣ ልጄ ማለት ነው። ይህን ቃል ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

ቧንቧዎቹን በጋሪ አስጭነን ስንመለስ ሙሉ መንገዱን አወሩልኝ። ከቆላ የሚመጣ ትልልቅ የዘንባባ ሰሌን ከገበያ ገዛን። "ለጓለይ አንነግራትም" አሉኝ በር ላይ። "የያዘችውን ሥራ አንቀማትም።"

ሥራው ሁለት ቅዳሜና እሑድ ፈጀ። አማቴ ያሰቡት የጀልባ ሸራ ነበር። ቧንቧዎቹን ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ርቀው በሲሚንቶ ተከሉ፣ ከላይ በእንጨት አገናኙ፣ መዘውሮቹን ሰቀሉ፣ ሰሌኖቹን በገመድ አንጠለጠሉ። ገመዱን ስትስብ ሰሌኑ ተጠቅልሎ ይወጣል፤ ስትለቅ መስኮቱን ብቻ ሳይሆን ግድግዳውንም ጋርዶ እስከ ጉልበት ድረስ ይወርዳል።

"ግድግዳው ላይ ለምን አናስጠጋውም?" ብዬ በሹክሹክታ ጠየቅኳቸው።

"አየሩ በየት ይለፍ? ሰሌኑ ይሙቅ፤ ሙቀቱ በመሃል ወደ ላይ ይውጣ፤ ግድግዳው አይወቅ።"

"መጋረጃውስ ለምን አልሠራም?"

"ፀሐይዋ መስታወቱን ካለፈች በኋላ እኮ ነው የጋረድካት። ገብታ ተቀምጣለች። እሷን ደጅ ላይ ነው የምትመልሳት።"

የጠመኔው መስመር ምን እንደሆነም ያን ጊዜ ገባኝ። ሰሌኑ የት ድረስ መውረድ እንዳለበት፣ በስንት ሰዓት መልቀቅ እንዳለብን የነገራቸው እሱ ነው። ወረቀት ላይ ያሰመርኳቸውን ሦስት ንድፎች አስታውሼ አፈርኩ፤ ሁሉም ላይ ልኬት አለ፣ አንዱም ላይ ፀሐይ የለችም። እሳቸው ግን ግርዶሼን አላስወረዱትም። "ለክረምቱ ዝናብ ጥሩ ነው" አሉ፤ ይህኛውን ያለ ተርጓሚ የሰማሁት ምስጋና ስለሆነ አምኜዋለሁ። ጣራውንም አልረሱትም። ግንቦት ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትቆም፣ ከቆርቆሮው ከፍ ባሉ እንጨቶች ላይ ሌላ ሰሌን ዘረጉ።

ምሥጢራችን የተያዘው በመጨረሻው እሑድ ነው። እኔ መሰላል ላይ ቆሜ መዘውር አስራለሁ። መሰላሉ ተንሸራተተ።

"ተው! ግራ እግርህን! ግራ እግርህን አንሣ!" ብለው አማቴ በአማርኛ ጮሁ።

"የትኛው ላይ ላሳርፈው?"

"እንጨቱ ላይ! አዎ፣ እሱ ላይ! ቀስ ብለህ ውረድ!"

በሰላም ወረድኩ። ዞር ስንል ባለቤቴ በር ላይ ቆማለች፣ ሁለት እጆቿ ወገቧ ላይ፣ ሆዷ ከፊቷ። መጀመሪያ አባቷን አየች፣ ቀጥላ እኔን።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

ሁለታችንም መሬት መሬት አየን።

"ሁለት ሳምንት ሙሉ!" አለች። "ሁለት ሳምንት ሙሉ ለሁለታችሁም ጥሩ ቃል ስፈልግ ጭንቅላቴ ሊፈነዳ! ውሸታሞች!"

"አንቺስ?" አሏት አባቷ፣ እንደገና በአማርኛ። "'በጣም ተደንቋል' ያለሽኝ እውነት ነበር?"

አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ እስክታለቅስ ሳቀች፣ በሩን ተደግፋ፣ "አታስቁኝ፣ እዚሁ እወልዳለሁ!" እያለች። በዚያኑ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገመዱን ራሷ ለቀቀችው። ሰሌኑ ሲወርድ መኝታ ቤቱ ውስጥ በስንጥቆቹ በኩል የገባ ለስላሳ፣ የማር ቀለም ያለው ብርሃን ብቻ ቀረ። ጋደም አለች። እኛ ሳሎን ተቀምጠን ሻሂ ስንጠጣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳት። አማቴ ብርጭቋቸውን አስቀመጡና ጫማቸውን አውልቀው በባዶ እግራቸው ሄደው አዩዋት። ሲመለሱ የአናጺ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አውርደው ኪሳቸው ከተቱት።

የቤቱ ባለቤት ቪላጆ ጀኒዮ በሚባለው ሰፈር የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ጣሊያናዊ ነበሩ። በሙቀትም በብርድም ሙሉ ልብስና ከረባት ነው የሚለብሱት። በግንቦት መጀመሪያ ወሬ ሰምተው በሚነድ ፀሐይ መጡ። ግቢው ውስጥ ቆመው በጣሊያንኛ ሲጮሁ እኔም ባለቤቴም አልገባንም፤ አማቴ ግን ተረጎሙልን።

"ቤቴን ሳንቡክ አደረጋችሁት ይላሉ። መልሕቅ ብቻ ነው የቀረው ይላሉ።"

አማቴ አልተከራከሩም። በጣሊያንኛ አንድ ሁለት ቃል ተናግረው፣ ክንዳቸውን ይዘው ወደ ሳሎን አስገቧቸው፣ ወንበር ሰጧቸው፣ ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ አመጡላቸው። ሽማግሌው ከረባታቸውን ላላ አደረጉ። ዙሪያቸውን አዩ። ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበሱት። ትንሽ ቆይተው አንገታቸው ዘንበል አለ፤ ማንኮራፋት ጀመሩ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነቅተው ከረባታቸውን አጠበቁና አማቴን አንድ ነገር ጠየቋቸው።

"ምን አሉ?" አልን ሁለታችንም።

"የእሳቸውም በረንዳ ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው።"

እንዲህ ሆነና አማቴ በትንሽ ፊያት መኪና እየተወሰዱ ቪላጆ ጀኒዮ ይመላለሱ ጀመር። ሁለቱ ሽማግሌዎች ስለ ገመድ ውፍረት የሚጨቃጨቁት ጭቅጭቅ መንገድ ላይ ይሰማል ይባል ነበር። ከሰፈራችንም ሦስት ቤቶች ሰሌን ሰቀሉ።

ልጃችን የተወለደችው በግንቦት አጋማሽ ነው። ሴት ልጅ። ባለቤቴ በደህና ተገላገለች። አማቴ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሌሊቱን ሙሉ ከእኔ ጋር ቆመው ነበር፤ ነርሷ ወጥታ "ሁለቱም ደህና ናቸው" ስትል በሦስት ቋንቋ አመሰገኗትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔም እስኪዞሩ ድረስ ሌላ ቦታ አየሁ።

ክረምቱን ከእኛ ጋር ሰነበቱ፤ በዚያ ወራት ምጽዋ ለምጽዋ ሰውም አትቻልም። ዝናቡ ሲመጣ ሰሌኑን ጠቅልለን ግርዶሼ ሥር አሳደርነው። መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ስትወጣ መልሰን ሰቀልነው፣ ጥቅምት ላይ እሳቸው በሊቶሪና ወደ ባሕራቸው ወረዱ።

ከዚያ ብርዱ ገባ። እኛ ግን ከልማድ የተነሣ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ገመዱን እንለቃለን። ኅዳር መጨረሻ ላይ ካፖርት ለብሰን ሳሎን ውስጥ ተቀምጠን፣ ሕፃኗን በሁለት ብርድ ልብስ ጠቅልለን ሳለ ከምጽዋ ደብዳቤ ደረሰን። በአማርኛ የተጻፈ፣ በራሳቸው እጅ፣ ፊደሎቹ እንደ እንጨት የተጠረቡ። ስለ ጤንነታችን፣ ስለ ሕፃኗ ጥርስ ከጠየቁ በኋላ እንዲህ ይላል፦ "ወደይ፣ አሁን አስመራ እንደሚበርድ አውቃለሁ። ሰሌኑን ፈትተህ እንዳላወረድክም አውቃለሁ። ጥላ የሚያስፈልገው ሲሞቅ ነው። አውርደህ ጠቅልለው፣ አይጥ እንዳይበላው ከፍ አድርገህ ስቀለው፣ የካቲት ሲያልቅ መልሰህ አውጣው።"

ባለቤቴ እያየችኝ ተነሣሁና ሰሌኖቹን ፈትቼ አወረድኩ። ፀሐይዋ ገባች። ብርድ ልብሱን ወለሉ ላይ ዘርግተን ሕፃኗን ብርሃኑ መሃል አስቀመጥናት፤ በብርሃን ውስጥ የሚንሳፈፈውን አቧራ ለመያዝ እጇን ዘረጋች፣ አጣችው፣ ደግማ ዘረጋች፣ ጮክ ብላ ሳቀች።

ለአማቴ መልስ ልጽፍ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጥኩ። በትግርኛ ለመጻፍ ወሰንኩ፣ ባለቤቴን አንድም ቃል ሳልጠይቅ። አንድ ገጽ ለመሙላት እስኪመሽ ቆየሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያው ወረቀት ተመልሶ መጣልኝ። በወፍራም የአናጺ እርሳስ አሥራ ሰባት ቦታ ላይ ታርሟል። ከግርጌው በትግርኛ፣ "ጽቡቕ ጀሚርካ፣ ቀጽል" ተብሎ ተጽፏል፤ ጥሩ ጀምረሃል፣ ቀጥል ማለት ነው። በማግስቱ ሁለተኛውን ደብዳቤ ጻፍኩ።